ቅጠል በሚረግፍበት አገር መስከረምን ለሕፃን ልጅ ማሳየት

መስከረም ሲጠባ ፒችትሪ ኮርነርስ ገና ሙቀቱ አልለቀቃትም። ቀትር ላይ ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል። በየመደብሩ ደጃፍ ግን ዱባ ተደርድሯል፤ በየቤቱ በር ላይ ከደረቀ ቅጠልና ከአበባ የተጎነጎነ ክብ ጌጥ ተሰቅሏል፤ በመዋዕለ ሕፃናትም ልጆች ከቀይና ከብርቱካናማ ወረቀት ቅጠል እየቆረጡ ይለጥፋሉ። አሜሪካውያን "ፎል" የሚሉት ወቅት እየመጣ መሆኑን የሚያበስሩት እነዚህ ናቸው።

ስሟ ወደ አማርኛ ቢመለስ "የኮክ ዛፍ ማዕዘኖች" እንደ ማለት የሚሆነው ይህች ከተማ፣ ከአትላንታ መሀል በስተሰሜን ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጆርጂያ ግዛት፣ በግዊኔት አውራጃ ትገኛለች። ራሷን የቻለች ከተማ የሆነችው በአውሮፓውያኑ 2012 ነው። ኮኩ ራሱ በጆርጂያ የሚለቀመው ከሜይ እስከ ኦገስት በመሆኑ መስከረም ሲገባ ከገበያ ወጥቶ ቦታውን ለዱባና ለፖም ለቅቋል።

በዚያው ሳምንት በአንድ ኢትዮጵያዊ ቤት ውስጥ የሚሰማው ወሬ ሌላ ነው። ክረምቱ አለፈ፣ አደይ ፈነዳ፣ አዲስ ዓመት ገባ ይባላል። የአራት ዓመት ሕፃን በመስኮት አሻግሮ ሲመለከት የሚያየው ግን ቢጫ መሆን የጀመረ የዛፍ ቅጠል ነው። በትምህርት ቤት ዓመቱ ወደ ማለቁ እንደሆነ ይነገረዋል፤ በቤት ደግሞ ገና መጀመሩ እንደሆነ።

ነገሩ የበዓል ናፍቆት ብቻ አይደለም። የቋንቋ ምሁሯ ሊሊ ዎንግ ፊልሞር በ1991 ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ አንድ ሺህ ገደማ ቤተሰቦችን ተመልክተው ነበር። ልጆች ገና በመዋዕለ ሕፃናት ዕድሜ ወደ እንግሊዝኛ ሲገቡ የቤታቸውን ቋንቋ የመተው ዕድላቸው ሰፊ መሆኑን፣ ጉዳቱም ከቃላት መጥፋት አልፎ ወላጅና ልጅ ቁም ነገር የሚነጋገሩበትን መንገድ እስከ መዝጋት እንደሚደርስ አሳይተዋል። ምክርና ተግሣጽ፣ የቤተሰብ ታሪክና ቀልድ ሁሉ የሚተላለፉት በዚያው ቋንቋ ነውና።

"አማርኛ ተናገር" የሚለው ትእዛዝ ደግሞ ሕፃን ልጅ ዘንድ ብዙ ርቀት አይሄድም። እጁ በዱቄት የተለወሰ ልጅ ግን የሚጠይቀው አያጣም።

"ፎል" በአማርኛ ማን ይባላል?

የመጀመሪያው እንቅፋት ስሙ ነው። አንዳንድ መዝገበ ቃላትና ትርጉሞች ይህን ወቅት "በልግ" ይሉታል። በልግ ግን በኢትዮጵያ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ የሚጥለው አነስተኛ ዝናብና በእርሱ የሚበቅለው አዝመራ ስም ነው። ለአትላንታ ልጅ ኦክቶበርን "በልግ" ብሎ ማስተማር፣ ወሎ ወይም ሰሜን ሸዋ ያሉ አያቱ በስልክ ሲያነጋግሩት ግራ እንዲጋቡ ማድረግ ነው።

"መኸር" የተሻለ ይቀርባል። ዋናው ሰብል የሚሰበሰብበትን ጊዜ የሚያመለክት በመሆኑ ዱባና ፖም ከሚለቀሙበት የጆርጂያ ወቅት ጋር በትርጉም ይገጥማል። የቀን አቆጣጠሩን ለሚሻ ደግሞ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዓመቱን ለአራት ሲከፍሉ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን ጊዜ "መፀው" ብለውታል። ይህም ከኦክቶበር 6 እስከ ጃንዋሪ 3 ገደማ መሆኑ ነው። አሜሪካውያን በሴፕቴምበር ሦስተኛ ሳምንት ማብቂያ ጀምረው በዲሴምበር ሦስተኛ ሳምንት ከሚያበቁት ወቅት ጋር ከሁለት ወር በላይ ይደራረባል። በዕለት ተዕለት ንግግር የመስከረምን ሰሞን "ፀደይ" የሚሉም ብዙ ናቸው፤ በባሕረ ሐሳብ ግን ፀደይ የሚጀምረው መጋቢት 26 ነው። ከእነዚህ ሁሉ "መፀው" የሚለው ከወራቱ ጋር በተሻለ የሚስማማ ይመስላል። በትርጉም ግን ፈገግ የሚያሰኝ ነገር አለው፤ ጆርጂያ ቅጠሏን የምታራግፍበት ወቅት በኢትዮጵያ የአበባ ወቅት ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ከመስከረም 26 ጀምሮ ያሉት ቀናት "ዘመነ ጽጌ" ይባላሉ።

ልጅ ቀጥሎ "ለምን?" ማለቱ አይቀርም። መልሱ አስቸጋሪ አይደለም። አትላንታ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 34 ዲግሪ ገደማ ርቃ የምትገኝ በመሆኗ ወቅቷን የሚወስነው የፀሐይ ብርሃን ነው። ቀኑ ሲያጥር ዛፉ ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር መተካት ያቆማል፤ ከሥሩ ተሸፍኖ የነበረው ቢጫና ብርቱካናማ ይገለጣል፤ በአንዳንዶቹም ላይ አዲስ ቀይ ቀለም ይፈጠራል። የኢትዮጵያ ደጋ ለምድር ወገብ የቀረበ ስለሆነ የቀኑ ርዝመት ብዙም አይለዋወጥም፤ ወቅቱን የሚለውጠው ዝናቡ ነው። ዝናቡ ሲያባራ መሬቱ ገና እርጥብ፣ ሰማዩ ደግሞ ብሩህ ይሆናል፤ አደይም ያን ጊዜ ይፈነዳል።

በድንጋዩ ላይ የሚበቅለው ቢጫ አበባ

አደይ አበባ በጆርጂያ አይበቅልም። ሆኖም ብዙ ወላጆች ልብ የማይሉት ነገር አለ። ከፒችትሪ ኮርነርስ በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ በሚያስኬደው በስቶን ማውንቴን፣ ከግራናይት ዐለቱ ስንጥቅ ውስጥ በየመስከረሙ ቢጫ አበባ ይፈነዳል። "ስቶን ማውንቴን ዴዚ" ይሉታል። ቶማስ ኮንራድ ፖርተር የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ በ1846 እዚያው ተራራ ላይ አግኝቶት ሳይንሳዊ መጠሪያው በእርሱ ስም ወጥቷል። የሱፍ አበባ ዘመድ ሲሆን፣ ጥልቀት በሌለው የዐለት አፈር ላይ በየዓመቱ ከዘር በቅሎ፣ አብቦ ይሞታል። በፓርኩ በየሴፕቴምበሩ የሚካሄደው የእጅ ሥራዎች ፌስቲቫልም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቢጫ አበባ ነው።

ስቶን ማውንቴን ለብዙዎች ቀላል ስፍራ አይደለም። በተራራው ገጽ ላይ በ1972 የተጠናቀቀው ግዙፍ ቅርጽ የሚያሳየው ባርነትን ለማስቀጠል የተዋጋውን የደቡብ ኮንፌዴሬሽን መሪዎች ነው፤ አበባውም ለረጅም ጊዜ በዚያው ኮንፌዴሬሽን ስም ሲጠራ ኖሯል። በአካባቢው በርካታ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ ልጆቻቸው አንድ ቀን ስለ ቅርጹም መጠየቃቸው አይቀርም። ለአራት ዓመት ሕፃን ግን አበባው ይበቃዋል።

ከዚህም የቀረበ ዘመድ አለ። አደይ አበባ የሚመደብበት "ባይደንስ" የተሰኘው የዕፅዋት ወገን በጆርጂያም ዝርያዎች አሉት። በመንገድ ዳር ቦይና በእርጥብ ሜዳ ላይ በመስከረም ቢጫ ሆነው ይታያሉ። የብዙዎቹ ዘር እንደ ጭጎጎት ልብስ ላይ ይጣበቃል፤ ልጅ በሹራቡ ይዞት ቤት ሲገባ "ጭጎጎት" የሚለውን ቃል ለማስተማር ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም። በፓርክ ውስጥ አበባ መቅጠፍ ክልክል በመሆኑ፣ እርሳስና ወረቀት ይዞ ሄዶ እዚያው መሳል ይሻላል። ይህም ቢሆን ከወጉ የራቀ አይደለም፤ በኢትዮጵያ ከተሞች ወንዶች ልጆች ለእንቁጣጣሽ በቀለም የሣሉትን አበባ፣ ፀሐይና መልአክ ለጎረቤት እየሰጡ ሳንቲም ይቀበላሉ።

ድፎ ዳቦ በኦቨን

እንቁጣጣሽ በሴፕቴምበር 11፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ደግሞ በ12 ይውላል። የግዊኔት ትምህርት ቤቶች የሚከፈቱት በኦገስት መጀመሪያ ስለሆነ በዓሉ ብዙ ጊዜ በትምህርት ቀን ላይ ይወድቃል። በርካታ ቤተሰቦች ዳቦውን ለቅዳሜና እሑድ የሚያቆዩት ለዚህ ነው። ለሕፃን ልጅ ግን ይህ ሳይሻል አይቀርም፤ ዳቦ መጋገር ጊዜ ይፈልጋልና።

ለአንድ መካከለኛ ድፎ 1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ ባለ 7 ግራም ፓኬት ደረቅ እርሾ፣ 2 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሩብ ኩባያ ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድና 650 ሚሊ ሊትር ያህል ለብ ያለ ውኃ ይበቃል። በመስከረም የአትላንታ ቤት ሞቃት በመሆኑ ሊጡ በአንድ ሰዓት ገደማ ኩፍ ይላል፤ በኅዳር ግን የዚያን እጥፍ ሊጠይቅ ይችላል።

ልጅ የሚሠራው ሥራ ብዙ ነው። ዱቄት ይነፋል፣ አዝሙድ ይበትናል፣ የነፋውን ሊጥ በቡጢ ያስተነፍሳል። እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ግሥ አለው፤ ተነፋ፣ ተቦካ፣ ኩፍ አለ፣ ተጋገረ፣ ተቆረሰ። "ኩፍ አለ" የሚለውን የተማረ ልጅ፣ እናቱ በተቆጣች ቀንም ሊጠቀምበት መቻሉን ራሱ ይደርስበታል። ሊጡን እንዲቀምስ ግን መፍቀድ አይገባም። ያልበሰለ ዱቄት በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊይዝ እንደሚችል የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት በተደጋጋሚ ያስጠነቅቃሉ።

የኮባ ቅጠል ጉዳይ ሲነሳ ብዙዎች ፎይል ወደ መጠቀም ይሄዳሉ። ዳቦው ይበስላል፣ ሽታው ግን ይቀራል። ከፒችትሪ ኮርነርስ ብዙም በማይርቀው በቢውፎርድ ሀይዌይ ዳር በሚገኙት የእስያና የላቲን አሜሪካ መደብሮች የሙዝ ቅጠል በረዶ ሆኖ ይሸጣል። ቀልጦ፣ ታጥቦ፣ በእሳት ላይ ለአፍታ እለፍ እለፍ ሲደረግ ይለሰልሳል፤ ሳይቀደድም ይታጠፋል። ኮባው ከእንሰት፣ ይህ ከሙዝ ቢሆንም ሁለቱ ተክሎች የአንድ ቤተሰብ ናቸው። መጋገሪያውን ከሥርም ከጎንም አልብሶ፣ ከላይ ሸፍኖ፣ በ350 ዲግሪ ፋራናይት ለአንድ ሰዓት ገደማ ማብሰል ይቻላል። በአገር ቤት ምጣዱ ከሥርም ከክዳኑ በላይም እሳት ይደረግበታል፤ ኦቨን ይህንኑ ነው የሚሠራው። ወደ ኦቨኑ ማስገባትና ማውጣት የአዋቂ ሥራ ነው።

እንግጫና የበር ጌጥ

በጎጃምና በሌሎችም የአማራ አካባቢዎች አዲስ ዓመት ሲቃረብ ልጃገረዶች እንግጫ የሚባለውን ሣር ነቅለው ይጎነጉናሉ። በራሳቸው ይደፉታል፣ በቤት ምሰሶና በበርም ያስሩታል። በፒችትሪ ኮርነርስ በር ላይ የሚሰቀለውን ክብ ጌጥ አንድ የጎጃም ሴት ብታይ እንግዳ የሚሆንባት አይመስልም።

እንግጫውን መተካት አይቸግርም። በአትላንታ ግቢዎች ጠርዝ ላይ በብዛት የሚተከለው "ሊሪዮፒ" የተባለ ተክል ረጅምና ጠንካራ ቅጠል ስላለው ለመጎንጎን ይመቻል። በመፀው የሚያፈራቸው ጥቋቁር ፍሬዎች የሚበሉ አይደሉምና አስቀድሞ ማስወገድ ያሻል። ትንንሽ ጣቶች በሦስት ዘለላ መጎንጎን እስኪለምዱ ጊዜ ይወስዳሉ፤ ሹሩባ የተሠራች ልጅ ግን ነገሩን ከራሷ ፀጉር ታውቀዋለች። በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር መጀመሪያ የሜፕልና ባለ ኮከብ ቅርጹ የስዊትገም ቅጠል ሲቀላ በጉንጉኑ መሀል ሊሰካ ይችላል። የአንዱ አገር አበባ የሌላው አገር ቅጠል ቢሆን ጉንጉኑ አይበላሽም።

ዱባው

ኦክቶበር 31 የሚከበረው ሃሎዊን በኢትዮጵያውያን ዘንድ ያከራክራል። በእምነታቸው ምክንያት ጨርሶ የማያከብሩት አሉ፤ ልጆቻቸውን ከጎረቤት ልጆች ጋር የሚልኩም አሉ። ፊት የተቀረጸበት ዱባ ግን የራሱ የስደት ታሪክ አለው። በአየርላንድና በስኮትላንድ የሚቀረጸው ቀይ ሥር የሚመስል የሥራ ሥር አትክልት ነበር። ስደተኞቹ አሜሪካ ሲደርሱ ከዚያ የሚተልቀውንና ለመቅረጽ የሚቀለውን የአገሬውን ዱባ አገኙ። ኮባን በሙዝ ቅጠል እንደ መተካት ያለ ነው።

ከቤት ቤት መዞሩም ለሐበሻ ልጅ አዲስ አይደለም። ቡሄ ላይ ወንዶቹ፣ እንቁጣጣሽ ላይ ሴቶቹ እየዘፈኑ ይዞራሉ። ልዩነቱ፣ በአገር ቤት ልጁ ሙልሙሉን ወይም ሳንቲሙን ከመቀበሉ በፊት ዘፈን፣ ምርቃት ወይም ሥዕል ይሰጣል። ይህን ለልጅ መንገር የሃሎዊንን ከረሜላ ከመከልከልም ከመፍቀድም የተለየ ወሬ ይከፍታል።

ለመቅረጽ የሚሸጠው ትልቁ ዱባ ውኃ የበዛበትና ጭረታም ስለሆነ ለወጥ አይመችም። ትንሹ የፓይ ዱባ ወይም "ካቦቻ" የሚባለው አረንጓዴ ልጣጭ ያለው ዝርያ ይሻላል። ያልተቀረጸና ቀለም ያልተቀባ ዱባ በቀዝቃዛና ደረቅ ስፍራ ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። በሴፕቴምበር መጨረሻ ለጌጥ ተብሎ የተገዛው እስከ ኅዳር 15፣ ማለትም እስከ ኖቬምበር 24 ገደማ ይደርሳል፤ ጾመ ነቢያት የሚገባው ያኔ ነው። የአሜሪካውያኑ የምስጋና ቀንም በዚያው ሰሞን ይውላል፤ ብዙ ጊዜም ከጾሙ ጋር ስለሚገናኝ የጾመኛው ቤት ገበታ ቱርክ አይቀርብበትም። ያን ዕለት ልጁ ከደጃፉ ላይ ዱባውን አንስቶ ወደ ወጥ ቤት ያስገባል፤ ፍሬውን በማንኪያ ይዝቃል፤ እናቱ ደግሞ ቀይ ሽንኩርቱን ታቁላላለች።