ከውቤ ሠፈር እስከ ካርቱም

እግር ኳስ በአዲስ አበባ መዘውተር የጀመረው በከተማይቱ ይኖሩ በነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ነው። አርመኖች፣ ግሪኮችና ጣሊያኖች የየራሳቸውን ቡድን አቋቁመው ሲጋጠሙ የአገሩ ልጆች በአብዛኛው ተመልካቾች ነበሩ። ይህ ሁኔታ መለወጥ የጀመረው አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. በአራዳ የቅዱስ ጊዮርጊስን ክለብ በመሠረቱ ጊዜ ነው።

ወደዚህ ክለብ ገና ከጅምሩ ከገቡት ልጆች አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። በ1914 ዓ.ም. በጅማ የተወለዱትና በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የተማሩት ይድነቃቸው በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ዐሥራ አራት ዓመት ነበር። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ የታወቁ፣ ድምፃቸውንም በጀርመን አገር በሸክላ ካስቀረጹ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ ነበሩ። ልጃቸው ግን ስማቸውን ያስጠሩት በኳስ ነው። በዚያ ዘመን ኳስ ተጫዋች ደመወዝ የሚቈረጥለት ሰው አልነበረም፤ የሚጫወተው ለክለቡና ለሠፈሩ ክብር ነበር።

ክለቡ ከተመሠረተ ስድስት ወር ሳይሞላው፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የፋሺስት ጣሊያን ጦር አዲስ አበባን ያዘ። ወራሪው መንግሥት ከተማይቱን ለነጭና ለጥቁር ለያይቶ ለማስተዳደር ዐቀደ። ዛሬ መርካቶ የሚባለው ሰፊ ገበያ ለአገሬው ሕዝብ ብቻ ተብሎ ተለይቶ የተቋቋመው በዚሁ ጊዜ ነው። ይኸው የመለያየት ደንብ በኳስ ሜዳም ላይ ተሠራበት፤ ኢትዮጵያውያን የሚጫወቱት ከኢትዮጵያውያን ጋር ብቻ ሆነ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብም ስሙ ተፍቆ «ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር» ተባለ። ሊቶሪዮ የሚለው ቃል የመጣው በመጥረቢያ ዙሪያ ከታሰረው የዘንግ ነዶ፣ ማለትም ከፋሺስቶች ዓርማ ነው። እንግዲህ አንድ ወጣት ተጫዋች ከዐሥራ አራት እስከ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ድረስ፣ ጉልበቱ በሚጠናበትና ጥበቡ በሚዳብርበት ዕድሜ፣ የጠላቱን ዓርማ በስሙ ተሸክሞ፣ ከነጭ ጋር ለመጋጠም አትበቃም እየተባለ መጫወት ነበረበት።

በ1933 ዓ.ም. አገሪቱ ነፃ ስትወጣ ክለቡ የቀድሞ ስሙን መልሶ ያዘ። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1943 ሲቋቋም ይድነቃቸው ከአደራጆቹ አንዱ ሆኑ። በማግሥቱ ዓመት በተካሄደው የመጀመሪያ ሻምፒዮና የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ከአርመኖች፣ ከግሪኮች፣ ከጣሊያኖችና ከእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድኖች ጋር በአንድ ውድድር ተሰለፈ። ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዞች ቡድን ነው። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት ክልክል የነበረው ግጥሚያ አሁን በሕግ የታወቀ ውድድር መሆኑ ከዋንጫው የሚያንስ ነገር አልነበረም።

ውድድር ግን ያለ ሕግ አይጸናም፤ ሕጉ ደግሞ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ነበር። ተጫዋቹ ዳኛው ለምን ፊሽካ እንደነፋ ካልተረዳ ጨዋታው ወደ ጠብ ይለወጣል። ይድነቃቸው የእግር ኳስን ሕግ ወደ አማርኛ የመለሱት ስለዚህ ነው። ሥራው ቀላል አልነበረም። ዛሬም ቢሆን «ኮርነር» እና «የማዕዘን ምት»፣ «ፔናልቲ» እና «የፍጹም ቅጣት ምት» ጎን ለጎን ሲነገሩ ይሰማል፤ ይህም የባዕዱ ቃል ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ያስረዳል።

በዚህ ሁሉ መካከል ይድነቃቸው መጫወታቸውን አልተዉም። ለአንድ ክለብ ብቻ ሃያ ሦስት ዓመት ተሰልፈው በ365 ግጥሚያዎች 318 ግብ እንዳስቈጠሩ፣ ለብሔራዊ ቡድንም ዐሥራ አምስት ጊዜ እንደተመረጡ ይነገራል።

ተጫዋችነታቸው ሊያበቃ ሲቃረብ ሌላ ታላቅ ጉዳይ በጎረቤት አገር ተነሣ። ሱዳን ነፃነቷን ካገኘች ገና አንድ ዓመት ማለፏ ነበር። ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር በሚገናኝባት በካርቱም የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ እግር ኳስ ማኅበራት የአፍሪካን ኮንፌዴሬሽን ለመመሥረትና የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ ለማካሄድ ተስማሙ። ኮንፌዴሬሽኑ የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. ሲመሠረት ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ።

ችግሩ የመጣው ከደቡብ አፍሪካ ነው። በአፓርታይድ ሥርዓት ትተዳደር የነበረችው ይህች አገር ወይ ነጮች ብቻ፣ ወይ ጥቁሮች ብቻ ያሉበትን ቡድን እንጂ ቅይጥ ቡድን አልክም አለች። ሌሎቹ አገሮች ይህን አልተቀበሉም፤ ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ውጭ ሆነች። ውሳኔው ዋጋ ነበረው፤ አራት ቡድኖች የታሰቡለት ውድድር በሦስት ብቻ ተካሄደ። በዕጣው ደቡብ አፍሪካን ልትገጥም የነበረችው ኢትዮጵያ ስለነበረች ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አለፈች። የካቲት 9 ቀን በካርቱም ስታዲየም በተደረገው የፍጻሜ ግጥሚያ ግን ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈቻት። አራቱንም ግቦች ያገባው ኤል ዲባ የተባለው ተጫዋች ነበር። ይኸው ሰው ተጫዋችነቱን ትቶ ዳኛ ከሆነ በኋላ በ1960 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተደረገውን የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ በመሐል ዳኝነት መርቷል።

የካርቱም ሽንፈት አምስት ዓመት ሳይሞላው ተካካሰ። በጥር ወር 1954 ዓ.ም. ይድነቃቸው ያሠለጠኑት የኢትዮጵያ ቡድን ያንኑ የግብፅን ቡድን በአዲስ አበባ 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። የዘር መለያየት ጉዳይ ግን በአንድ ግጥሚያ የሚያልቅ አልነበረም። ይድነቃቸው እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሠሩ ደቡብ አፍሪካ በ1976 ከዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ተባረረች። ወደ ውድድር የተመለሰችው አፓርታይድ ሲፈርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ነጮችና ጥቁሮች በአንድነት የተሰለፉበት ቡድኗ የአፍሪካን ዋንጫ በአገሩ አነሣ። ይድነቃቸው ግን ከዚያ በፊት፣ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በፕሬዚዳንትነት ሥራቸው ላይ እንዳሉ ዐርፈዋል።