ግማሽ ክብደት ይዞ መሮጥ፦ ለተጎዳ እግር የተሠራው ማሽን

ከጠፈር ምርምር የተገኘው የመሮጫ ማሽን ጉዳት የደረሰባቸው ሯጮች ሙሉ ክብደታቸው በእግራቸው ላይ ሳያርፍ ልምምዳቸውን እንዲቀጥሉ ያስችላል

በሙቀት ወራት በአል ዐይን ከተማ አል ቃጣራ ሰፈር ከቤት ወጥቶ ለመሮጥ የምትመቸው ከፈጅር ሶላት በኋላ ያለችው አጭር ጊዜ ብቻ ናት። ፀሐይ ከፍ ስትል በፈለጅ ውሃ የሚጠጡት የቴምር ዛፎች ጥላ እንኳ አይበቃም፤ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚያልፍባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት በጠራራ ፀሐይ የሚሠራ የጉልበት ሥራን የምትከለክለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ በዚህ ሀገር የሚኖር ሯጭ ከዓመቱ ሰፊውን ክፍል በቤት ውስጥ፣ በትሬድሚል ላይ ያሳልፋል። ከቤት ውጭ ሲሮጥም ብዙውን ጊዜ የሚረግጠው አስፋልትና ኮንክሪት ነው። በእንጦጦና በሱሉልታ ጫካዎች ለስላሳ አፈር የለመደ እግር ይህን ልዩነት ፈጥኖ ያውቀዋል። የቅልጥም፣ የጉልበትና የተረከዝ ጅማት ሕመም የሚከተለውም በአብዛኛው ርቀትና ፍጥነት ሰውነት ከሚችለው በላይ በድንገት ሲጨምሩ ነው።

የተጎዳ ሯጭ ከሁለት አስቸጋሪ ምርጫዎች አንዱን መውሰድ ይኖርበታል። ዕረፍት ካደረገ ለወራት የገነባው የልብና የሳንባ ብቃት ይቀንሳል። ከሮጠ ደግሞ ትንሹ ስንጥቅ ወደ ስብራት ሊያድግ ይችላል። ኑሮው በእግሩ ላይ ለተመሠረተ አትሌት ይህ ቀላል ስሌት አይደለም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በፈረንጆቹ 2000 ሲድኒ ላይ የተረከዝ ጅማቱ እያመመው ሮጦ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀድሞ ወርቅ ማጥለቁ፣ ከዚያም ወደ ቀዶ ሕክምና መግባቱ ይታወሳል። ቀነኒሳ በቀለም በባት ጉዳት ምክንያት ከ2010 መጀመሪያ አንስቶ ከውድድር ርቆ ቆይቶ በ2011 ዴጉ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና 10,000 ሜትሩን አቋርጦ ወጥቷል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን በብራስልስ ያንኑ ርቀት በ26:43.16 አሸንፏል።

ክብደት ቀናሹ ትሬድሚል የመጣው ለዚህ ዓይነቱ አጣብቂኝ መውጫ ፍለጋ ነው። መነሻው ግን ሕክምና አልነበረም። በአሜሪካ የጠፈር ተቋም ናሳ ኤምስ የምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው ሮበርት ዌለን ያሳሰበው ተቃራኒው ችግር ነበር፦ በጠፈር ክብደት የሌላቸው ጠፈርተኞች አጥንታቸው እየሳሳ ይሄዳል። እርሱም በአየር ግፊት ሰውነታቸውን ወደ መሮጫው መጫን ይቻላል ሲል አሰበ። ግፊቱ አቅጣጫውን ሲቀይር ደግሞ በምድር ላይ ያለን ሰው ሊያቀል ይችላል። ልጁ ሾን ዌለን ሐሳቡን ወደ ንግድ አምጥቶ በ2005 አልተር ጂ የተባለውን ኩባንያ መሠረተ፤ መሣሪያውም በ2008 ከአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ አገኘ።

አሠራሩ ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው። ሯጩ ከወገቡ ላይ ዚፕ ያለው ጠበቅ ያለና ወፍራም ቁምጣ ይለብሳል፤ ቁምጣው ትሬድሚሉን ከከበበው አየር የማያስወጣ ድንኳን መሰል ከረጢት ጋር በዚፕ ይያያዛል። ማሽኑ አየር ሲሞላ በከረጢቱ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው በጥቂት በመቶ ብቻ ይበልጣል፤ ይህች ትንሽ ልዩነት ግን ሰውነትን ከወገብ በታች ወደ ላይ ትደግፋለች። ድጋፉ አንድ አንድ በመቶ እየተለካ ስለሚስተካከል ሰውዬው ከሙሉ ክብደቱ እስከ 20 በመቶው ድረስ ወርዶ መሮጥ ይችላል።

በቁጥር እንየው። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሯጭ በሚሮጥበት ጊዜ በእያንዳንዱ እርምጃ እግሩ ላይ የሚያርፈው ጫና የክብደቱ ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ፣ ማለትም የ150 ኪሎ ያህል ነው። በደቂቃ 175 እርምጃ የሚራመድ ከሆነ ይህ ጫና በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከ5,000 ጊዜ በላይ ይደጋገማል። ክብደቱ ወደ 70 በመቶ ሲወርድ ሰውዬው እንደ 42 ኪሎ ሰው ይሮጣል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚያርፈውም ጫና ይቀንሳል። ለዳነ ስንጥቅ ወይም ለታከመ ጉልበት ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ነገር ግን ማሽኑ ያለ ዋጋ አይሰጥም። ክብደት ሲቀል ሰውነት የሚፈልገው ኦክስጅንም ስለሚቀንስ በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚሮጥ ሰው ልቡ ከወትሮው ያነሰ ይሠራል። ያንኑ ድካም ለማግኘት ፍጥነት መጨመር ያስፈልጋል። ለፈጣን ልምምድ የሚጠቀሙበት አሠልጣኞች የሚፈልጉት ይህንኑ ነው፦ እግር ሳይደቆስ ልብና ሳንባ ይሠራል። አረማመድም ይለወጣል፤ ሯጩ በአየር ላይ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል፤ እርምጃው ይዘገያል። በተጨማሪም ማሽኑ ጫናን እንደሚቀንስ ጥናቶች በግልጽ ቢያሳዩም፣ ሯጮችን ከሌሎች መንገዶች ይልቅ ፈጥኖ ወደ ውድድር ይመልሳል ለማለት ያለው ማስረጃ ያን ያህል ጠንካራ አይደለም። ማስታወቂያዎች ይህን ልዩነት ሲጠቅሱ እምብዛም አይታይም።

ማሽኑን በዓለም ፊት ያስተዋወቀው በአልቤርቶ ሳላዛር ይመራ የነበረው የኦሪገን ፕሮጀክት ነው። በ2011 ወደዚያ ያቀናው ሶማሊያ የተወለደው ብሪታኒያዊ ሙስሊም አትሌት ሞ ፋራህ ልምምዱን ከሚያደርግባቸው መሣሪያዎች አንዱ ይህ ነበር። በዚያው ዓመት ዴጉ ላይ ግን በመጨረሻው ዙር ኢብራሂም ጄይላን ደርሶበት በ27:13.81 ወርቁን ለኢትዮጵያ ወስዶበታል። ከአንድ ዓመት በኋላ ከረመዳን ወር ጋር በገጠመው የለንደን ኦሎምፒክ ፋራህ 10,000 ሜትሩን አሸነፈ፤ የልምምድ ጓደኛው ጋለን ራፕ ሁለተኛ ሆነ፤ ታሪኩ በቀለ ነሐስ አገኘ፤ ወንድሙ ቀነኒሳ አራተኛ ወጣ። ከአንደኛው እስከ አራተኛው ያለው ልዩነት ወደ ሁለት ሰከንድ ብቻ ነበር። ከዚህ ሁለት ሰከንድ ውስጥ የማሽኑ ድርሻ ምን ያህል ነው ብሎ መቁረጥ አይቻልም። ሳላዛርም በ2019 የፀረ አበረታች ቅመሞች ደንብ በመጣስ ለአራት ዓመት መታገዱና ፕሮጀክቱ መዘጋቱ ሳይጠቀስ አይታለፍም።

ለተራው ሯጭ ትልቁ እንቅፋት ዋጋው ነው። አንድ ማሽን በአስር ሺህዎች የሚቆጠር ዶላር ስለሚያወጣ በአብዛኛው የሚገኘው በስፖርት ሕክምና ማዕከላት ውስጥ ነው። አቅም ለሌለው ሰው በጥልቅ ውሃ ውስጥ መሮጥና ብስክሌት መንዳት የቆዩና በብዙ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች የሚመከሩ አማራጮች ናቸው። ዕድሉን ያገኘ ደግሞ በራሱ ግምት መጀመር የለበትም፤ በእግር ሥሩ የደም መርጋት ያለበት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው በመጀመሪያ ሐኪም ማማከር ይኖርበታል።

ሙስሊም ሴቶችን የሚያሳስበው የአለባበስ ጉዳይም አለ። ቁምጣው ከሱሪ ላይ ሊለበስ ይችላል፤ ከወገብ በታች ያለው አካል ደግሞ በከረጢቱ ውስጥ ነው። ከረጢቱ ግን በብዙዎቹ ማሽኖች ላይ አረማመድን ለማየት ግልጽ መስኮት ስላለው፣ የምትጠቀም ሴት ሴት ባለሙያና ለሴቶች የተለየ ክፍል መኖሩን አስቀድማ ብትጠይቅ ይሻላል። በረመዳን ደግሞ ወፍራሙ ቁምጣ ሙቀት ስለሚይዝ ከኢፍጣር በፊት ረዥም ልምምድ ማድረግ ጥማትን ያበዛል፤ ከተራዊሕ በኋላ ያለው ጊዜ የተሻለ ነው።

አገግሞ የሚመለስ ሯጭ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ክብደት አካባቢ ይጀምራል፤ ሕመም ካልተሰማው በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት በመቶ ይጨምራል። በመጨረሻ ዚፑ ተፈትቶ ከማሽኑ ሲወርድ እግሩ እንደ እርሳስ የከበደ ይመስለዋል፤ ክብደቱ በሙሉ ተመልሷልና። በአል ቃጣራ ለሚኖር ሰው ያቺ የመጀመሪያ ሩጫ ፀሐይ ሳትወጣ፣ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የአል ዐይን የቴምር አትክልት ስፍራዎች በአንዱ ጥግ፣ ከአስፋልቱ ይልቅ በአፈሩ ላይ ብትሆን እግሩ በቀስታ ይለምዳል።