ያልታወቀ ጨዋታ ለምን አይሸጥም?

«መልካም ዕቃ ገዢ አያጣም» ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ይህ አነጋገር በመንደር ገበያ እውነትነት ይኖረው ይሆናል፤ ገዢው ጤፉን በእጁ ዘግኖ፥ ቅቤውን አሽትቶ፥ በሬውን በዓይኑ መዝኖ ነውና የሚገዛው። ነገር ግን ዕቃው ከብዙ ሺህ ዕቃዎች መካከል የተሸሸገ፥ ካልገዙትም በቀር የማይቀመስ ሲሆን ምን ይደርስበታል? ለዚህ ጥያቄ የኮምፒዩተርና የስልክ ጨዋታዎች ገበያ ግልጽ መልስ ይሰጠናል። ነገሩን የልጆች ጨዋታ ነው ብሎ የሚንቅ ቢኖር፥ ከእኛው መካከል ኮምፒዩተር እየተማሩ ጨዋታ ሠርተው ለመሸጥ የሚያስቡ ጓደኞች እንዳሉ ያስታውስ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንደኛው ምክንያት ብዛት ነው። ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ስቲም የሚባል የጨዋታ መደብር አለው። ይህ መደብር ከ2017 ጀምሮ ለአንድ ጨዋታ 100 ዶላር ለሚከፍል ሠሪ በሩን በሰፊው ከፍቷል። በ2024 ብቻ ከ18 ሺህ የሚበልጡ አዳዲስ ጨዋታዎች ገብተውበታል። ይህ ለቀን ሲካፈል ወደ 50 ይጠጋል። በቀን 50 ጨዋታ መሞከር ይቅርና ስማቸውን አንብቦ የሚጨርስ ሥራ ያለው ሰው አይገኝም። ስለዚህ ያልታወቀው ጨዋታ መጥፎ ነው ተብሎ የተጣለ አይደለም፤ ከቶ ለፍርድ አልቀረበም።

ሁለተኛው ምክንያት የመደብሩ አሠራር ነው። መደብሩ በፊት ለፊት ገጹ ላይ ለሁሉም እኩል ቦታ አይሰጥም፤ አስቀድሞ የተሸጠውንና ብዙ ሰው የሚጠብቀውን ወደ ፊት ያወጣል። ገና ያልወጣ ጨዋታ እንኳ ቢሆን፥ «ወደፊት እገዛዋለሁ» ብለው በምኞት ዝርዝራቸው ያስገቡት ሰዎች ሲበዙ ቦታው ከፍ ይላል፤ በሚወጣበትም ቀን መልእክት ይደርሳቸዋል። እንግዲህ ለመታየት መሸጥ ያስፈልጋል፤ ለመሸጥ ደግሞ መታየት ያስፈልጋል። ከዚህ አዙሪት የሚያወጣው ከመደብሩ ውጭ የሚመጣ የመጀመሪያ ገዢ ነው። ይህን ገዢ የሚያመጣው ማስታወቂያ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የገዢው ፍርሃት ነው። ጨዋታ እንደ ብርቱካን ተገላብጦ አይታይም፤ ጣዕሙ የሚታወቀው ሰዓታት ካለፉበት በኋላ ነው። ስቲም ከ2015 ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ከ2 ሰዓት በታች የተጫወተ ሰው ገንዘቡን እንዲያስመልስ ፈቅዷል፤ ሆኖም ገንዘቡ ቢመለስም ጊዜው አይመለስም። ስለዚህ ሰው ሁሉ ስሙን ወደ ሰማው ነገር ያዘነብላል። ጨዋታው ብዙ ሆነው የሚጫወቱት ዓይነት ከሆነማ ችግሩ ይብሳል፤ ሌላ ተጫዋች የሌለበት ቤት ባዶ ነውና፥ የመጀመሪያው እንግዳ ገብቶ ማንም ሲያጣ ተመልሶ ይወጣል።

ትልልቆቹ ኩባንያዎች ይህን ስለሚያውቁ ለማስታወቂያ የሚያወጡት ገንዘብ ለሥራው ካወጡት ሊበልጥ ይችላል። የሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጣ በ2009 እንደ ዘገበው፥ በዚያ ዓመት የወጣውን የ«ኮል ኦፍ ዱቲ» ጨዋታ ለመሥራት እስከ 50 ሚሊዮን ዶላር ሲፈጅ፥ ማስታወቂያውና ማከፋፈያው ተጨምሮ ጠቅላላው ወጪ 200 ሚሊዮን ደርሷል። ታላቅ ኩባንያ ከኋላው መኖሩም ብቻውን አይበቃም። በ2003 ዩቢሶፍት ያወጣው «ቢዮንድ ጉድ ኤንድ ኢቭል» በሐያስያን ቢመሰገንም፥ በዚያው የበዓል ሰሞን የኩባንያው የራሱ «ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ» ጭምር ገበያውን ስለ ተሻማው በሚገባ ሳይሸጥ ቀርቷል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን ግን የ«አማንግ አስ» ታሪክ ነው። ኢነርስሎዝ የተባለ የጥቂት ሰዎች ድርጅት ይህን ጨዋታ ያወጣው በ2018 ነው። ተጫዋቾቹ በጠፈር መርከብ ውስጥ ሆነው፥ ከመካከላቸው የተደበቀውን ከሐዲ ይፈልጋሉ። በስልክ ያለ ክፍያ፥ በኮምፒዩተር በ5 ዶላር ይገኝ ነበር፤ ነገር ግን ሁለት ዓመት ያህል የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር። በ2020 አጋማሽ፥ ሕዝቡ በወረርሽኙ ምክንያት ቤቱ በተዘጋበት ጊዜ፥ ጨዋታቸውን በቀጥታ ሥርጭት የሚያሳዩ ዝነኛ ሰዎች አነሡት። በጥቂት ወራት ውስጥም በዓለም በብዛት ከተጫኑት የስልክ ጨዋታዎች አንዱ ሆነ። ሠሪዎቹ በነሐሴ ሁለተኛ ክፍል እንሠራለን ብለው አስታውቀው ነበር፤ በመስከረም ግን ሐሳቡን ትተው የመጀመሪያውን ለማሻሻል ወሰኑ። በሁለቱ ዓመታት አንዳንድ ነገር ቢጨመርበትም የጨዋታው ባሕርይ ያው ነበረ። የተለወጠው የሚያወራለት ሰው መገኘቱ ነው።

ይህ ሲባል ማስታወቂያ መጥፎውን መልካም ያደርጋል ማለት አይደለም። አታሪ በ1982 ስለ ታዋቂው ፊልም ስለ «ኢ.ቲ.» የሠራውን ጨዋታ በሰፊው ቢያስተዋውቅም፥ ብዙው ሳይሸጥ ቀርቶ በ1983 ከሌሎች ዕቃዎች ጋር በኒው ሜክሲኮ በረሃ ተቀብሯል። በ2024ም የሶኒ «ኮንኮርድ» በወጣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከገበያ ተነሥቷል። ማስታወቂያ ገዢውን እስከ ደጅ ያደርሰዋል፤ ከደጅ ወዲያ የሚያስገባው ሥራው ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የዝነኛ ሰው ዓይን እስኪያርፍበት መጠበቅ ዕድል እንጂ ዕቅድ አይደለም። ገንዘብ የሌለው ሠሪ በጊዜና በድካም ይክፈል፦ ጨዋታውን ሳይጨርስ ከወራት በፊት ያሳይ፤ ያለ ዋጋ የሚቀመስ ናሙና ያውጣ፤ የትኛው ዓይነት ተጫዋች እንደሚወደው ለይቶ ወደዚያው ይሂድ። አበው «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉት ለዚህም ይሠራል። በአገራችንም «ኩኩሉ»ን የመሰለ፥ ከአሳዳጅ የምታመልጥ ዶሮ ያለችበት የስልክ ጨዋታ በአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ ተሠርቷል፤ ከእኛ መካከል ስንቶቻችን ስሙን ሰምተናል?

የቀረው ድርሻ የእኛ የተጫዋቾች ነው። በስቲም ቢያንስ 10 ገዢዎች አስተያየት ካልጻፉለት የአንድ ጨዋታ ጠቅላላ ግምገማ ከስሙ አጠገብ አይታይም። ለዝነኛው ጨዋታ የእኛ ሁለት መስመር በባሕር ላይ ጠብታ ናት፤ ላልታወቀው ግን ከአሥሩ አንዷ ናት። የወደድነውን ለጓደኛ ብንነግር፥ ምርጫችንን የሚወስንልን ትልቅ ከረጢት ያለው ብቻ አይሆንም።