የከብት ንግድ ሲታገድ፤ ከበርበራ ወደብ የሚገኝ ትምህርት

ሕዝብ ያመረተውን ሸጦ ያላመረተውን ይገዛል። ስለዚህ የመሸጫው በር በተዘጋ ጊዜ የመግዣውም በር አብሮ መጥበቡ አይቀርም። የሐርጌሳና የበርበራ ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል።

የሶማሌላንድ በግ፣ ፍየል፣ ግመልና የቀንድ ከብት፣ እንዲሁም ከኢትዮጵያ የሶማሌ ክልል በቶጎጫሌ በኩል የሚሻገረው፣ በበርበራ ተጭኖ ወደ ዐረብ አገሮች ይሄዳል። ከገዢዎቹ ሁሉ ዋናዋ ሳዑዲ ዐረቢያ ናት፤ በተለይም በሐጅ ወራት ለዕርድ የሚፈለገው በግ እጅግ ብዙ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 መጨረሻ በምሥራቅ አፍሪካ ብርቱ ዝናብና ጎርፍ ስለ ደረሰ፣ በኬንያና በሶማሊያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የተባለው በሽታ ተነሣ። በሽታውን ትንኝ ያስተላልፈዋል፤ እርጉዞቹን በጎች ያስጨነግፋል፣ ግልገሎቹን ይፈጃል፣ የታመመውን ከብት ደም የነካ ሰውም ይያዛል። ስለዚህ ሳዑዲ ዐረቢያ በየካቲት 1998 ከብቱ እንዳይገባ ከለከለች፤ በ1999ም ፈቀደች። በመስከረም 2000 ግን በሽታው በራሷ ግዛት በጂዛንና በጎረቤቷ በየመን ስለ ታየ እገዳውን መለሰችው፤ ይኸውም እስከ 2009 ቆየ።

እገዳው የጤና ጥንቃቄ እንጂ የፖለቲካ ቅጣት አልነበረም። ይሁን እንጂ ጉዳቱ ከኢኮኖሚ ማዕቀብ አይለይም። አርብቶ አደሩ ሩዝ፣ ስኳርና መድኃኒት የሚገዛው በጉን ሸጦ ነው፤ የበጉ ዋጋ ሲወድቅ የታመመ ልጁን ማሳከሚያ ያጣል። ከዚያም ችግሩ ወደ ደላላው፣ ወደ መኪና ነጂውና በሐርጌሳ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ወዳለው ባለሱቅ ይዛመታል። የመንግሥቱም ገቢ አብዛኛው ከበርበራ ቀረጥ ስለሚሰበሰብ፣ ለትምህርት ቤትና ለሐኪም ቤት የሚተርፈው ገንዘብ ይቀንሳል።

በኢራቅም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በነሐሴ 1990 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በዚያች አገር ላይ ማዕቀብ ሲጥል መድኃኒት አልተከለከለም ነበር። ነገር ግን ነዳጅ ዘይቷን እንዳትሸጥ የተከለከለች አገር መግዣው አጠራት። በ1995 የወጣው ውሳኔ ዘይት ሸጣ ምግብና መድኃኒት እንድትገዛ የፈቀደው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? በበርበራ በ2009 የከብት ማቆያና መመርመሪያ ጣቢያ ሥራ በመጀመሩ ገበያው ተከፈተ። ሆኖም በ2016 መጨረሻ እገዳው ዳግመኛ መምጣቱ፣ የገዢ እምነት ሁልጊዜ መጠበቅ እንዳለበት ያስረዳል። የሶማሌላንድ ነጻነት በሌሎች መንግሥታት ዘንድ በሰፊው ስላልታወቀ፣ የእንስሳት ሐኪሞቿ የምስክር ወረቀት በቀላሉ ተቀባይነት አለማግኘቱ ሥራውን ያከብደዋል።

እንግዲህ ሹማምንት ክትባቱን ዝናብ ሳይመጣ በፊት ማስከተብ ይገባቸዋል፤ በሽታው ከገባ በኋላ ያልተለወጠ መርፌ ራሱ ሊያዛምተው ይችላልና። ከብት አርቢዎችም ብዙ በጎች ባንድ ጊዜ ሲጨነግፉ ሳይደብቁ ለእንስሳት ሐኪም ይንገሩ፤ የጨነገፈውን በባዶ እጅ አይንኩ፤ ወተቱንም አፍልተው ይጠጡ። ዛሬ የተደበቀ አንድ በሽተኛ በግ ነገ የወደቡን በር ሊያዘጋ ይችላል።