ካምሻፍቱ አልወጣም ሲል መዶሻ አይቅደም

በአርሲና በባሌ የስንዴ መሬት ክረምቱ ሲቃረብ አንድ ትራክተር ተፈታቶ ከጋራዥ መዋሉ የባለቤቱን ብቻ ሳይሆን ተራ የያዙትን ጎረቤቶቹንም እርሻ ያስተጓጉላል። እ.ኤ.አ. በ1964 መመረት የጀመረው ማሴ ፈርጉሰን 135 ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ሞተሩ ሲታደስ መካኒኩን ከሚያስቸግሩት ነገሮች አንዱ ካምሻፍቱ ቢጎትቱት አልወጣም ማለቱ ነው።

ብዙውን ጊዜ የተያዘው በፑንቴሪያዎቹ ነው። የፑንቴሪያው እግር እንደ እንጉዳይ ሰፊ ስለሆነ ወደ ላይ መዞ ማውጣት አይቻልም፤ ሞተሩ እንደ ቆመ ከተሞከረም ቁልቁል ወርዶ የካሙን መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ ቴስታታው፣ ዘንጎቹና ኮፓው ከወለቁ በኋላ ሞተሩ ተገልብጦ ይቀመጣል። በቆየ ዘይት ዝቃጭ የተጣበቀ ፑንቴሪያ ላምባ ጠጥቶ ካደረ በኋላ በእንጨት ቀስ ተብሎ ይገፋል። የናፍጣ መሳቢያዋ ፖምፓም ክንዷ በካሙ ላይ ስለሚያርፍ አስቀድማ መውለቅ አለባት፤ የምትረሳውም እሷ ናት።

በመዶሻ የተመታ ካምሻፍት የሚዞርበትን ቀዳዳ ይፍቃል፤ የተፋቀ ቀዳዳ ደግሞ የዘይቱን ግፊት ያወርዳል። መካኒኩ በሁለት እጁ ደግፎ፣ እያዟዟረ ይስበው። የወጡት ፑንቴሪያዎች እያንዳንዳቸው ወደየነበሩበት እንዲመለሱ በተራ ይቀመጣሉ።