ኤንቶጦ ስንሮጥ ጎናችንን የሚወጋን ምንድን ነው?



ከፈጅር ሶላት በኋላ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከሾላና ከኮተቤ ወደ ኤንቶጦ ለሩጫ የሚወጡ ወንድሞችና እህቶች ጥቂት አይደሉም። ከእነርሱ መካከል ጀማሪ የሆኑት ብዙ ጊዜ ዳገቱን እንደያዙ ጎናቸውን ጨብጠው ይቆማሉ። ከጎድን አጥንት ሥር፣ አብዛኛውን ጊዜ በስተቀኝ፣ ስለት የገባ ያህል ይወጋቸዋል። አንዱ «ብርድ መታኝ» ይላል፤ ሌላው «ኩላሊቴ ነው» ብሎ ይፈራል። በዚሁ ሰበብ ስፖርቱን እርግፍ አድርጎ የሚተውም አለ። ነገር ግን ይህ ውጋት አብዛኛውን ጊዜ በሽታ አይደለም። ከአበላላችንና ከአሯሯጣችን ጋር የተያያዘ ስለሆነ ልንቀንሰው እንችላለን።

መንስኤው ምንድን ነው?

ውጋት የሚይዘው ጀማሪን ብቻ አይደለም። አውስትራሊያውያኑ ዳረን ሞርተንና ሮቢን ካሊስተር እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት፣ ከተጠየቁት ሯጮች 69 በመቶ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ እንዳጋጠማቸው ተናግረዋል። ቀደም ሲል መንስኤው ለመተንፈስ የሚረዳን ጡንቻ፣ ማለትም ዲያፍራም፣ ደም ስለሚያንሰው ነው ይባል ነበር። ሆኖም እንደ ሯጭ የማያለከልኩ ፈረስ ጋላቢዎችም በብዛት ይወጋሉ። ዛሬ ይበልጥ አሳማኝ የሆነው ማብራሪያ የሆድን ግድግዳ ከውስጥ የሸፈነው ስስ ሽፋን በመናጥና በመፋተግ ይቆጣል የሚለው ነው። ጨጓራ ሲሞላ ፍትጊያው ይብሳል። ጎብጦ መሮጥም ያባብሰዋል።

የኤንቶጦ አናት ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ስስ፣ መንገዱም ዳገት በመሆኑ ያልለመደ ሰው ቶሎ ይደክማል፤ ሲደክመውም ይጎብጣል።

ሆዳችንን እንጠብቅ

ሆዳችንን አንድ ሦስተኛውን ለምግብ፣ አንድ ሦስተኛውን ለመጠጥ፣ አንድ ሦስተኛውን ለትንፋሽ እንድናደርግ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸው በቲርሚዚ ተዘግቧል። ለሯጭ ከዚህ የሚበልጥ ምክር የለም። ከበድ ያለ ምግብ ከበላን በኋላ ቢያንስ ሁለት ሰዓት፣ ቢቻል ሦስት ሰዓት እንቆይ። ለስላሳ መጠጥና ጣፋጭ ጁስ ከሩጫ በፊትም ሆነ በሩጫ መሐል ውጋቱን ይቀሰቅሳሉ፤ ውኃ በትንሽ በትንሹ መጎንጨት ይሻላል። በረመዳን ሳምቡሳ፣ ሾርባና ጁስ ደራርበን ወዲያው ወደ ሩጫ መውጣት ውጋቱን መጥራት ነው። በቴምርና በውኃ አፍጥረን፣ ቀለል ያለ ነገር ቀምሰን፣ ከተራዊሕ በኋላ በእርጋታ መንቀሳቀስ ይቻላል።

ሲወጋን ምን እናድርግ?

• ፍጥነት እንቀንስ፤ ካልተሻለን ቆመን በእርጋታ እንራመድ።
• በአፍንጫ በጥልቀት ስበን፣ ከንፈራችንን አሞጥሙጠን በዝግታ እናውጣ።
• የሚወጋንን ቦታ በጣቶቻችን ጫን አድርገን፣ ወደ ሩኩዕ እንደምንሄድ ጎንበስ እንበል።
• ሕመሙ ሲለቀን ቀጥ ብለን በዝግታ እንቀጥል።

ጀማሪዎች መጀመሪያ ሜዳ ላይ ርምጃና ሶምሶማ እያፈራረቁ ጥቂት ሳምንታት ይለማመዱ። ዳገቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ለታላቁ ሩጫ የሚዘጋጁም ቢሆኑ መቸኮል አይጠቅማቸውም።

ሐኪም ዘንድ መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

የሩጫ ውጋት እረፍት ስናደርግ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል። አርፈንም የማይለቅ ከሆነ፣ ትኩሳትና ማስታወክ ካለው፣ ከእምብርት አካባቢ ተነስቶ ወደ ታችኛው ቀኝ የሆድ ክፍል ከወረደ ትርፍ አንጀት ሊሆን ስለሚችል ሳንዘገይ ወደ ሕክምና ተቋም እንሂድ። በሽንት ወይም በሰገራ ውስጥ ደም ከታየም እንዲሁ። ደረት ላይ የሚጫን፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ በተለይ ስኳር ወይም ደም ግፊት ላለባቸው፣ የልብ ምልክት ሊሆን ስለሚችል «ውጋት ነው» ተብሎ አይታለፍ።

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር እሽቅድድም እንደሮጡ በአቡ ዳውድ ተዘግቧል። መሮጥ ለወንድም ለሴትም የተፈቀደ መልካም ነገር ነው። አካላችን አማና ነውና ለትንሽ ውጋት ብለን ስፖርቱን አንተወው፤ የአደጋ ምልክት ስናይም አንናቀው።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን።