አጥንት የሌለው እንስሳ በምን ይነክሳል?

ሆቴል ገብተው ካላማሪ አዝዘው ያውቃሉ? ቀለበት መስሎ ተጠብሶ የሚቀርበው ሥጋ ስኩዊድ ከሚባለው የባሕር እንስሳ ሰውነት የተቆረጠ ነው። ሳህን ላይ የማናየው ግን ምንቃሩን ነው።

አጥንት የሌለው ይህ ለስላሳ እንስሳ፣ በክንዶቹ መሐል የበቀቀንን የሚመስል ስለታም ምንቃር ደብቋል። በበቀቀን የላይኛው ምንቃር የታችኛውን ይሸፍናል፤ በስኩዊድ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ያደነውን ዓሣ በዚህ እየቆረጠ በትንንሹ ይውጣል። ትልቅ ጉርሻ አይሆንለትም፤ የምግብ ቧንቧው የሚያልፈው በአንጎሉ መሐል ነውና!

እጀታ የሌለው ቢላዋ

እጀታ የሌለው ቢላዋ ጨብጦ ሥጋ የሚቆርጥ ሰው የራሱን መዳፍ ይቆርጣል። ታዲያ ስኩዊድ ለስላሳ አፉን ሳያቆስል እንዴት ይነክሳል? የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ ተመራማሪዎች ሀምቦልት የተባለውን ስኩዊድ አጥንተው መልሱን እ.ኤ.አ. በ2008 አሳትመዋል። የምንቃሩ ጫፍ ከሥሩ 100 እጥፍ ያህል ግትር ነው። ጫፉ ጥቁርና ደረቅ ሲሆን፣ ሥጋውን የሚነካው ሥሩ ግን ብርሃን አሳላፊና አብዛኛው ውሃ ነው። ጥንካሬው በአንዴ ሳይሆን ቀስ በቀስ ስለሚቀንስ የንክሻው ኃይል አንድ ቦታ ላይ አያርፍም። የሚገርመው፣ እንደ ጥርሳችን ካልሲየም የለበትም፤ የተሠራው ከፕሮቲን እና በጥንዚዛ ልባስ ውስጥም ከሚገኘው ካይቲን ነው።

የዕድሜ መዝገብ

ምንቃሩ እንደ ልጆቻችን የወተት ጥርስ ወልቆ አይተካም። ጫፉ ሲያልቅ ከኋላው አዲስ ድርብርብ እየተጨመረ ከባለቤቱ ጋር ያድጋል። ገና ትንሽ ሳለ አብዛኛው ክፍሉ ብርሃን ያሳልፋል፤ ሲያድግ ጥቁረቱ ከጫፉ ወደ ሥሩ ይስፋፋል። ተመራማሪዎችም በምንቃሩ ላይ ያሉትን የዕድገት መስመሮች ቆጥረው የእንስሳውን ዕድሜ ይገምታሉ።

ስኩዊድ በዓሣ ነባሪ ሲበላ ሥጋው ይፈጫል፤ ምንቃሩ ግን በሆዱ ውስጥ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2007 በአንታርክቲካ አካባቢ የተያዘውና በኒውዚላንድ ቴ ፓፓ ሙዚየም የሚገኘው ኮሎሳል ስኩዊድ 495 ኪሎ ይመዝን ነበር። በዓሣ ነባሪዎች ሆድ ግን ከእሱ የሚበልጡ ምንቃሮች ተገኝተዋል። ባሕሩ ከዚህም የገዘፉ ስኩዊዶችን ይዟል ማለት ነው።

ለእኛስ ምን ይረባናል?

በሰው ገላ ውስጥ የሚገባ ጠንካራ የሕክምና መሣሪያ ለስላሳውን ሥጋ በሚነካበት ቦታ ሊያቆስል ይችላል። በአሜሪካ የኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ከአንድ ጫፍ ጠንክሮ ወደ ሌላው እየለሰለሰ የሚሄድ ቁስ የሠሩት ይህን ምንቃር አስመስለው ነው። ሐሳቡ ሰው ሠራሽ እጅና እግር ለሚጠቀሙ ሰዎች ጭምር ተስፋ ነው።

ምናልባት ያልተጸዳ ሙሉ ስኩዊድ ከገዙ፣ የክንዶቹን ሥር በጣትዎ ጫን ሲሉት ምንቃሩ ብቅ ይላል። ከመጣልዎ በፊት ለልጆችዎ ያሳዩአቸው፤ ጥቁሩ ጫፍ የት ጋ እንደሚያበቃ ይፈልጉ። ስለታም ነውና ጣታቸውን ይጠብቁላቸው።